በብርድ የሚፈስ ዘይት

እኔና የባሌ አባት የተኳረፍነው በሞተር ዘይት ነው። ሰው በውርስ ይጣላል፣ በድንበር ይጣላል፣ በልጅ አስተዳደግ ይጣላል። እኛ በዘይት ተጣላን። ለዚያውም በማብሰያው ቢሆን ወግ ነው፤ መኪና ውስጥ በሚጨመረው! አሁን ይሄ ለጎረቤት ይወራል? ግን እናገረዋለሁ፤ ያየሁትን አይቼ ዝም ብል ሆዴ አይችለውም።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። የባሌ ኩላሊቶች ሁለቱም ሥራ አቁመዋል። በሳምንት ሦስት ቀን ከተማችን ክሊኒክ እየተመላለሰ ደሙን በማሽን ያሳጥባል። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሎ ነው፤ ግን ነገረኛ ነውና ዝም አይልም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ "ዛሬ ደግሞ አሳምረው አጠቡኝ፣ አንቺ መተኮስ ብቻ ነው የቀረሽ" እያለ ያስቀኛል። እስቃለሁ፣ ጓዳ ገብቼ ደግሞ አለቅሳለሁ።

ከተራራው ወዲያ ባለው ትልቅ ሆስፒታል ኩላሊት ከሚጠብቁ ሰዎች ጋር ተመዝግቧል። ዶክተሯ ስትነግረን ምንም አልቀባባችም።

"ስልኩ መቼ እንደሚደወል አይታወቅም" አለች። "በተደወለ ጊዜ ግን ያኔውኑ መነሳት ነው። ኩላሊት ቁጭ ብሎ ሰው አይጠብቅም። ከዘገያችሁ ለቀጣዩ ሰው ይሰጣል፤ እኔም ልይዝላችሁ አልችልም።"

እኛ ያለነው ከተራራው ወዲህ ነው። በብርዱ ወራት በረዶ ሲጥል አውቶቡሱ ይቀራል። ባለ ታክሲዎቹ ተራራ የሚል ቃል ሲሰሙ ስልክ ይዘጋሉ። የክሊኒኩ አምቡላንስ ለወላድም ለአደጋም ለሁሉም ያችው አንዷ ናት፤ መቼ ነፃ እንደምትሆን አይታወቅም። እንግዲህ የባሌ ነፍስ ግቢያችን ውስጥ በቆመችው አሮጌ ነጭ መኪና ላይ ተንጠልጥላለች ማለት ነው። ስልኩ በተደወለ ሰዓት፣ ብርዱ የፈለገውን ያህል ቢከፋ፣ መነሳት አለባት። አለቀ።

አሁን ወደ አባቱ ልምጣ። አባባ ነው የምላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በበረሃ መንገድ የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ያ አገር አስፋልቱ ከጫማ ጋር የሚጣበቅበት፣ መሪው በጨርቅ ካልሆነ የማይጨበጥበት አገር ነው። እዚያ ሞተር የሚገድለው ሙቀት ነው። ዘይቱ ቀጭን ከሆነ በሙቀቱ ውሃ ይሆናል፤ ብረት ከብረት ይፋጫል፤ መኪናም ሰውም በረሃ ላይ ይቀራል። ስለዚህ አባባ በሕይወታቸው በአንድ ነገር ያምናሉ፤ በወፍራም ዘይት። ዘይት ሲገዙ ክዳኑን ከፍተው ጠብታ ያወጡና በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መሃል አሽተው ጣታቸውን ይለያያሉ። በመሃል ክር ከሠራ "ይሄ ዘይት ነው" ይላሉ። ክር ካልሠራ ባለ ሱቁን ከእግር እስከ ራሱ ያዩትና ይወጣሉ።

ልጃቸው መታመሙን ሲሰሙ አንድ ሻንጣ ይዘው መጡ። በማግስቱ ሆስፒታል ውሰዱኝ አሉ። ዶክተሯ ፊት ቁጭ ብለው "ሁለት አለኝ፣ አንዱን ለልጄ ስጭልኝ። ኧረ ሁለቱንም ብትወስጂ አልከፋም" አሏት። መረመሯቸው። ዕድሜያቸውም ደም ግፊታቸውም አይሆንም ተባለ። የኔ ደግሞ ከመጀመሪያውም አልገጠመለትም ነበር። አባባ ከዚያ ክፍል ሲወጡ እንደተሰደበ ሰው አንገታቸውን ደፍተው ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲያ መኪናዋን ያዙ። ያጥቧታል፣ ይወለውሏታል፣ ጎማዋን በጫማቸው መታ መታ ያደርጋሉ፣ ኮፈኗን ከፍተው ሆዷን ያያሉ። እኔ በሠርጌ ቀን እንደዚያች መኪና አልተወለወልኩም። ዝም አልኳቸው፤ ሥራ አገኙ ብዬ ደስ አለኝ።

ብርዱ ሊገባ ሰሞን ግን አንድ ትልቅ ጄሪካን ዘይት ታቅፈው መጡ። እንደ አራስ ልጅ ደረታቸው ላይ ነው የያዙት። ላዩ ላይ ያለውን ቁጥር አየሁት፤ ሃያ-ሃምሳ። እኔ ደግሞ ከዚያ በፊት የመኪናዋን መመሪያ መጽሐፍ ከመቀመጫው ሥር አውጥቼ ገጽ በገጽ አንብቤዋለሁ። ለእንደኛ ዓይነቱ ብርድ ዜሮ-አርባ ነው የሚለው።

"አባባ፣ ይሄ ለዚህ አገር አይሆንም" አልኳቸው። "መጽሐፉ ዜሮ-አርባ ነው የሚለው።"

"ዜሮ?" አሉና ጄሪካኑን መሬት አስቀመጡት። "ዜሮ ማለት ባዶ ማለት ነው ልጄ። ለልጄ ባዶ ዘይት ልሙላለት?"

"ኧረ እንደሱ አይደለም! የፊተኛው ቁጥር የብርዱ ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዘይቱ በብርድ ጊዜ ቶሎ ይፈሳል። ኋለኛው ደግሞ የሙቀቱ ነው፣ ሞተሩ ሲግል ምን ያህል ውፍረት እንደሚይዝ ነው የሚናገረው።"

"በብርድ ቀጭን የሆነ ዘይት በሙቀት ምን ሊሆን ነው? እንፋሎት! አንቺ እሳት፣ እሱን ውሃ ለስፌት መኪናሽ ጨምሪላት።"

ደሜ ፈላ። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። "የስፌት መኪናዬ ቢያንስ ጠዋት ስነካት ትነሳለች! የርስዎን ሙጫ ሞልተንባት መኪናዋ ባትነሳስ? ያን ቀን ስልኩ ቢደወልስ?"

አባባ ጄሪካኑን አንስተው ወጡ፤ ግቢ ውስጥ ካርቶን አንጥፈው መኪናዋ ሥር ገቡ፤ አሮጌውን ዘይት አፍስሰው የራሳቸውን ወፍራም ዘይት ሞሉ። እኔ በመስኮት እያየሁ ጥርሴን ነከስኩ። የልጃቸው ናት መኪናዋ፣ ልጃቸው ነው ልጃቸው፤ እኔ ምን ነኝ?

መኳረፉ መጣ። በአንድ ገበታ ተቀምጠን በባሌ በኩል ነው የምንነጋገረው።

"ሻዩ ስኳር አንሶታል በላት" ይላሉ እሳቸው።

"ስኳሩ እፊታቸው ነው፣ እጅም አላቸው በላቸው" እላለሁ እኔ።

ባሌ አንዴ እኔን አንዴ አባቱን ያይና "ኧረ እባካችሁ፣ እኔ ኩላሊት ነው እንጂ የፖስታ ቤት ሥራ መቼ አመለከትኩ?" ይላል።

እንዲህ እንደሆንን ብርዱ ገባ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ጨርቅ እየቆረጥኩ አባባ ሥራ ክፍሌ በር ላይ መጥተው ቆሙ። ሊቆጡኝ ነው የመጡት ብዬ መቀሱን አስቀመጥኩ። እሳቸው ግን ግድግዳ ግድግዳውን እያዩ "ኩላሊትህን አንፈልግም አሉኝ" አሉ። "እሺ፣ እነሱ ሐኪሞች ናቸው። ዘይቴን ደግሞ አንቺ አልፈልግም አልሽኝ። ታዲያ እኔ ለልጄ ምን ልስጠው?"

አንጀቴን በሉት። ያ ሁሉ ቁጣዬ የት እንደገባ እንጃ። ተነስቼ ወንበር ሳብኩላቸው። እንባዬ መጣ፤ እሳቸውም አዩት።

ባሌ ከሳሎን ሆኖ ሰምቶናል። ብርድ ልብሱን እንደተከናነበ መጣና በሩን ተደግፎ ቆመ። "እኔ ለማንኛችሁም አልፈርድም። አንዷ ሚስቴ ናት፣ አንዱ አባቴ ነው፣ እኔ ደግሞ የምበላው ከዚህ ቤት ነው። ብርዱ ራሱ ይፍረድ" አለ።

እንደሱ ነው ያደረግነው። ሁለት ባዶ የማርማላታ ጠርሙስ አጠብኩ። በአንዱ የአባባን ዘይት ጨመርን። ለሌላው ከመንገዱ ማዶ ካለው ጋራዥ ዜሮ-አርባውን ገዝቼ መጣሁ። አባባ በጣታቸው አሽተው አዩት፤ ክር አልሠራም። ባይናገሩም ከንፈራቸውን ሲመጥጡ ሰምቻለሁ። ሁለቱን ጠርሙሶች በመስኮቱ የውጭ ደፍ ላይ አስቀምጠን ተኛን።

የዚያን ጠዋት ብርድ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ፀሐይ ወጥታለች፣ ግን ምንም አታሞቅም። ግቢ ውስጥ የረሳሁት ባልዲ ውሃው እስከ ታች ድንጋይ ሆኗል። የቧንቧው ጫፍ ላይ የበረዶ ጥርስ ተንጠልጥሏል። ገመድ ላይ የተውኩት አንሶላ ሳወርደው እንደ ጣውላ ቀጥ ብሎ በበር አልገባ አለኝ። ወፍ እንኳ ድምፅ የለውም። ዓለም በሙሉ ባለበት ቆሟል።

ሦስታችንም ተጠቅልለን ወጣን። አባባ መጀመሪያ የራሳቸውን ጠርሙስ አነሱ። አዘነበሉት። ዘይቱ አልተነቃነቀም። ይበልጥ አዘነበሉት። ምንም። በመጨረሻ ገለበጡት፤ ጠርሙሱ አፉን ወደ መሬት ደፍቶ ዘይቱ እዚያው ተጣብቆ ቀረ። ባሌ ጠርሙሱን አቃናና ከኪሱ ክብሪት አውጥቶ አንዷን እንጨት ዘይቱ ላይ ተከላት። ቀጥ ብላ ቆመች። አባባ ያችን የቆመች የክብሪት እንጨት ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

ከዚያ የኔን ጠርሙስ አነሱ። እንደ መጀመሪያው ቀስ አድርገው ሊያዘነብሉት ነበር ያሰቡት። ገና ከማንሳታቸው ዘይቱ ወደ አፉ ሮጠ፤ ፈሰሰ፤ ጫማቸው ላይ ወረደ። ወደ ኋላ ዘለው ጠርሙሱን ሊለቁት ነበር።

"ወይ ጉድ!" አሉ። ድምፃቸው የልጅ ድምፅ ሆነ። "በዚህ ብርድ? በዚህ ብርድ የሚፈስ ነገር አለ?"

እኔም ክው ብዬ ቀርቻለሁ። መጽሐፍ ላይ ማንበብና በዓይን ማየት ለካ አይገናኙም። ውሃ ድንጋይ ሆኖ፣ ጨርቅ ጣውላ ሆኖ፣ የኔ ጣት እንኳ አልታጠፍ ብሎኝ፣ ይሄ ቢጫ ነገር ብርድ የሚባል እንዳልሰማ ይንሸራተታል። መልሰው አዘነበሉት፣ መልሶ ሮጠ። አሁንም አዘነበሉት። ፀሐይዋ በጠርሙሱ ውስጥ አልፋ ዘይቱ ሲያበራ ሦስታችንም አንገታችንን አስግገን ማየት ሥራችን ሆነ። አሸንፌአለሁ የሚል ነገር በሐሳቤ አልመጣም። ምን አሸነፍኩ? እኔ አልሠራሁት!

አባባ ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። "ብርዱን አየሁ። ሙቀቱስ?" አሉ።

ወጥ ቤት ገባን። ትልቁን ድስቴን አንስተው ውሃ ጣዱ፤ ድስቴን! ውሃው ሲንተከተክ ከሁለቱም ዘይት በየጣሳው ቀድተው ውሃው ውስጥ አቆሟቸው። እስኪግሉ ጠበቅን። ቤቱ ጋራዥ ጋራዥ ሸተተ። ከዚያ ባሌ ሳህን አጋድሞ ያዘ፤ አባባ ፊታቸውን አዞሩ፤ እኔ የትኛው የማን እንደሆነ ሳልናገር ከሁለቱም በማንኪያ እየጨለፍኩ በሳህኑ ላይ አወረድኩ። "አሁን ይዩ" አልኳቸው። ሁለቱ ጅረቶች እምብዛም ሳይለያዩ ጎን ለጎን ወረዱ።

አጎንብሰው አዩ። መነጽራቸውን አድርገው አዩ። "ይቺ ወፈር ያለችው የኔ ናት" አሉ በእርግጠኝነት።

የኔዋ ዜሮ-አርባ ነበረች።

ባሌ በሳቅ ወንበር ላይ ወደቀ። አባባም ሳቁ፤ ከመጡ ጀምሮ ጥርሳቸውን ያየሁት ያን ቀን ነው። ሲስቁ ሲስቁ ቆይተው ሳህኑን ተቀበሉ። "በብርድ የላላው በሙቀት ጸና" አሉ። "እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ዘይት ዳበስኩ። ይሄን ማን አሰበው? እንዴት ያለ ጭንቅላት ነው?"

ባሌ ሕመሙ ቤት ካዋለው ወዲህ የማያነበው ነገር የለም። በዘይቱ ውስጥ ለዓይን የማይታይ ነገር እንደሚጨምሩበት ነገረን። በብርድ ጊዜ እንደ ድመት ተኮራምቶ ይተኛል፤ ዘይቱ ሲፈስ አያግደውም። ሙቀት ሲያገኝ ደግሞ እጅ እግሩን ይዘረጋና ዘይቱ ከመጠን በላይ እንዳይቀጥን ይይዘዋል። አባባ ይሄን ሲሰሙ ጣሳውን ወደ ብርሃኑ አነሱና ወደ ውስጥ አዩ። "ተኝታችሁ ነው እናንተ?" አሏቸው። በሳቅ ልሞት!

ያንኑ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ብርዱ ትንሽ ሲላላ፣ መኪናዋን ለማስነሳት ቁልፉን አዞሩ። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ አቃሰተ፣ ቆመ፣ እንደገና አቃሰተ፤ በስንት ልመና ተነሳች። አባባ መሪውን ይዘው ደርቀው ቀሩ። ያን ጊዜ ምን እንዳሰቡ ገባኝ፤ እኔም ያንኑ ነበር ያሰብኩት። ስልኩ ጠዋት ተደውሎ ቢሆንስ? ወርደው ካርቶናቸውን አነጠፉና ሥሯ ገቡ። ወፍራሙን ዘይት እስከ መጨረሻው ጠብታ አፈሰሱት። አዲሱን ሲሞሉ ጎናቸው ቆሜ ነበር። አንድ ጠብታ ውጭ አላፈሰሱም።

ከዚያ በኋላ ስልኩን እየጠበቅን ተቀመጥን። አባባ በየጠዋቱ መኪናዋን ያስነሷታል፤ ቀይዋ የዘይት መብራት ቶሎ ስትጠፋ "ደረሰ" ይላሉ፤ ዘይቱ ማለታቸው ነው። ማታ ማታ ብርድ እንዳይገድለው የመኪናዋን ባትሪ ፈተው አልጋቸው አጠገብ ያሳድሩታል፤ ባሌ "አባዬ እንደገና አገባ" እያለ ያሾፋል። አንድ ቀን ግን የተረፈውን የሃያ-ሃምሳ ጄሪካን አንጠልጥለው ወደ መኪናዋ ሲሄዱ አየኋቸውና ነፍሴ ወጣች። "አባባ! ምን ሊያደርጉ ነው?" ብዬ በባዶ እግሬ ሮጥኩ።

"ለጋራዡ ሰውዬ ልሰጠው ነው" አሉ አፍረው። "ቤት ከቆየ አንጀቴ አያስችለኝም። አንድ ቀን ለብርታት ብዬ ጠብ አደርግባታለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ።"

ስልኩ የተደወለው ጎህ ሲቀድ ነው። እኔ ተነስቼ ሻይ እየጣድኩ ነበር። ባሌ አነሳው። "አዎ" አለ። "እኔ ነኝ። አዎ። እሺ። እሺ።" ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና አየኝ። ቀልድ የለም፣ ፈገግታ የለም። "አለ ይላሉ" አለ።

ያ ሌሊት ከሌሊቶች ሁሉ የከፋው ነበር። የመስኮቱ መስታወት ከውስጥ በኩል በረዶ ሠርቷል። ማዶ ያለው ጎረቤታችን መምህሩ መኪናውን ለማስነሳት ሲታገል ይሰማናል፤ ግርርር... ግርር... ግር... ከዚያ ጭጭ። ቦርሳው ከተዘጋጀ ቆይቷል። ባሌን ደግፌ አወጣሁት። አባባ ባትሪውን ታቅፈው ሮጡ፤ በዚያ ዕድሜያቸው በበረዶ ላይ ሮጡ! አሰሩት።

ቁልፉን ለእኔ ዘረጉልኝ። "አንቺ አስነሺያት፣ አንቺ ንጂ። የኔ እጅ ዛሬ አይታመንም" አሉ።

ገባሁ። መቀመጫው ከበረዶ ይብስ ነበር። ፈጣሪዬ ብዬ ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሪኖው አላቃሰተም። ዞረ፤ እንደ በጋ ጠዋት ቀለል ብሎ ዞረ፣ ዞረ፣ ሞተሩ አንዴ ሳል አለና ተነሳ። ቀይዋ መብራት ጠፋች። በዚያ ሁሉ ድንጋይ በሆነ ዓለም ውስጥ፣ ባልዲው ቆሞ፣ ቧንቧው ቆሞ፣ የመምህሩ መኪና ቆሞ፣ የኛዋ ሆድ ውስጥ ያ ቢጫ ነገር ወደ ላይ ወጥቶ ብረቱን ሁሉ አዳርሷል። አባባ መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ አድርገው ቆመዋል። ፊታቸው በእንባ ርሷል፤ ብርዱ እዚያው ጉንጫቸው ላይ አደረቀው። "ደረሰ" አሉ።

ተራራውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። አባባ ከኋላ ልጃቸውን ታቅፈው ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ አድርገዋል። በየመታጠፊያው የቆሙ የጭነት መኪኖች አሉ፤ ሾፌሮቹ ከሥራቸው እሳት አንድደው ሞተር ያሞቃሉ። አባባ በመስኮቱ እጃቸውን አነሱላቸው፤ እነሱም አነሱላቸው። ዳገቱ ሲከፋ ሞተሩ ጋለ፤ እኔ በሁለተኛ ማርሽ ረገጥኩት። "አይዞሽ፣ አሁን የዘይቱ ኋለኛ ቁጥር ነው የሚሠራው" አሉኝ ከኋላ። ጫፉ ላይ ስንደርስ ፀሐይ ወጣች፤ ከታች ያለው ከተማ በሙሉ በጉም ተሸፍኖ ያበራ ነበር። ባሌ "እዩት እስቲ" አለ። አየነው።

ደረስን። ተመስገን ደረስን። በር ላይ ተቀብለው አልጋ ላይ አስተኙትና ወሰዱት። ባሌ ሊገባ ሲል ቀና ብሎ "አንቺ፣ ሲመልሱኝ ስፌቴን ትገመግሚያለሽ፣ ክሩ ቀጥ ያላለ እንደሆነ እንዳትቀበያቸው" አለኝ። በሩ ተዘጋ።

ስለ ጥበቃው አላወራም፤ የጠበቀ ያውቀዋል። በመጨረሻ አንዲት ነርስ ጭንብሏን ወደ አገጯ አውርዳ መጣች። ዓይኖቿ ይስቃሉ። "ሁሉም ደህና ነው" አለች። "ኩላሊቱ ሲገባ ግራጫ ነበር። ደሙ ሲደርሰው እያየነው ቀላ፤ ወዲያው መሥራት ጀመረ። እኔ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ሁሌም ግን እጄን አፌ ላይ ነው የምጭነው።"

እኔ የምሆነውን አጣሁ። ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ነርሷን አቀፍኳት። አባባ ግን ቀስ ብለው ጠየቋት። "ልጄ፣ እንዴት አድርገው አመጡት?"

"በበረዶ ሳጥን ነው የሚመጣው።"

"በበረዶ" አሉ። "ከበረዶ ውስጥ ወጥቶ ተነሳ?"

"አዎ አባቴ።"

ራሳቸውን እየነቀነቁ ቆዩ። ከዚያ "ከማን ነው?" አሉ።

የነርሷ ሳቅ ቀስ ብሎ ጠፋ። "እሱን መናገር አይፈቀድልንም። ከሞተ ሰው ነው። ቤተሰቦቹ ፈቅደው ነው" አለችና እጃቸውን ዳሰስ አድርጋ ሄደች።

እናውቅ ነበር እኮ። ማን የማያውቅ አለ? ግን ስልኩ እንዲደወል ብቻ ነበር የምንለምነው፤ ስልኩ እንዲደወልልን ሌላ ቤት ምን መሆን እንዳለበት አንድ ቀን ተቀምጠን አስበን አናውቅም። እኛ ጎህ ሲቀድ "አለ ይላሉ" ስንባባል፣ አንድ ቦታ አንድ ሰው "የለም" ተብሏል።

አባባ ተነሱ። ኮፍያቸውን አወለቁና በእጃቸው ይዘው በረጅሙ ኮሪደር መሄድ ጀመሩ። ምን ሊያደርጉ ነው ብዬ ተከተልኳቸው። ዋናው አዳራሽ ውስጥ ሰው ሞልቷል። አንድ ሽማግሌ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፍነው ተቀምጠዋል፤ አባባ ፊታቸው ቆመው ዝቅ ብለው እጅ ነሷቸው። ቀጠሉ። ሁለት ወጣቶች ተቃቅፈው ያለቅሳሉ፤ ለእነሱም እጅ ነሱ። ያለቀሰ ሰው ባዩ ቁጥር ይቆማሉ፣ ያጎነብሳሉ፣ ይቀጥላሉ።

"አባባ፣ ያውቋቸዋል እንዴ?" አልኳቸው በሹክሹክታ።

"የትኞቹ እንደሆኑ ማን ይነግረኛል?" አሉ። "ለሁሉም ነው።"

በር አጠገብ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ቆማለች። ዓይኗ አብጧል፤ የወንድ ካፖርት ክንዷ ላይ አጥፋ ይዛለች። አባባ ፊቷ ቆሙና ከሁሉም ይበልጥ ዝቅ አሉ። ግራ ገብቷት አየቻቸው፣ ኮፍያቸውን አየች፣ እኔን አየች፤ ቀና እንዲሉ ክንዳቸውን ይዛ ደገፈቻቸው።

"አባቴ፣ የታመመብዎት ማን ነው?" አለቻቸው።

"ልጄ" አሉ አባባ።

"ዳነ?"

የደስታቸውን ወሬ እዚያች ሴት ፊት እንዴት ይናገሩት? ራሳቸውን ብቻ በአዎንታ ነቀነቁ።

ሴትዮዋ ክንዳቸውን ጠበቅ አደረገችው። እንባዋ እየወረደ "እሰይ" አለች። "እሰይ አባቴ፣ እሰይ።"